ለልክ የተወሰዱ መጻሕፍት

መደርደሪያው የወደቀው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም። የተጎዳው የእኔ ትዕግሥት ነው፤ እሱም ቢሆን ከዚያ በፊት ጤነኛ አልነበረም።

ሰርካዲስ እባላለሁ። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዳሽቃ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ የማዘው ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፍ የማውሰው እኔ፣ የምመዘግበው እኔ፣ ወለሉን የምጠርገው እኔ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የምደቅነው እኔ ነኝ። እኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ከዓመቱ ዘጠኙን ወር ይወስዳል።

ቤቱ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ዓባይነህ የሚባሉ ወጣት መምህር ሁለት ሣጥን መጽሐፍ ይዘው መጡና ከጆንያዎቹ ጥግ አስቀመጡ። ፊደል የቆጠረው ሰው የሚያነበው ነገር ሲፈልግ ወደዚያ ጥግ መጣ። ጥጉ ጠበበ፤ በኋላ መጋዘኑ ሲለቀቅ የከተማው ሰው በየቤቱ አንዳንድ ቆርቆሮ አዋጥቶ አሮጌውን ጣሪያ ቀየረ። ለዚህ ነው የእኛ ጣሪያ አንዱ ቆርቆሮ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ የዛገ፣ አንዱ ሰማያዊ የሆነው። ጋሽ ዓባይነህ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት ይመጡና በር አጠገብ ተቀምጠው ከአሥር ቀን በፊት የታተመውን ጋዜጣ ዛሬ የወጣ ይመስል ያነባሉ።

ያን ሐሙስ አንዲት ተማሪ ከላይ መዝገበ ቃላት ልታወርድ ሳብ ስታደርግ መደርደሪያው በሙሉ ተከትሎ መጣ። ለካ እግሩን ምስጥ ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል። ልጅቷ ዘላ አመለጠች። አራት መቶ መጽሐፍ እርጥብ ወለል ላይ ተዘረገፈ።

ጋሽ ዓባይነህ ከጋዜጣቸው ቀና አሉ። «ምስጡ ከከተማችን ሰው በልጦ አነበበ» አሉ።

እኔ ለመሳቅ አልቻልኩም።

ለከተማው ኃላፊ ለአቶ ተረፈ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ማኅተም ጎደለው ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ማኅተም ነበረው፤ ቁጥር የለውም ተባለ። ሦስተኛው ጠፋ። አራተኛውን በእጄ ይዤ ስሄድ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። አቶ ተረፈ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። በስድስተኛው ደብዳቤ መልስ መጣ፤ መደርደሪያ እንዲሠራ ተፈቅዷል፣ አናጺም ተመርጧል።

«መቼ ይመጣል?» አልኳት ጸሐፊዋን።

«ይመጣል» አለችኝ።

በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ ወለል ላይ ከከመርኳቸው መጻሕፍት አጠገብ አንድ ረጅም ወጣት ቆሞ አየሁ። ሸሚዙ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ እጁ ላይ ሰጋቱራ ተጣብቋል። በዚያ እጁ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል።

«አንተ!» አልኩ ከወንበሬ ሳልነሣ። «እጅህን ሳትታጠብ መጽሐፍ አይነካም! ከየት ነው የመጣኸው?»

ደነገጠ። ደነገጠ ስላችሁ አልዘለለም፤ ዝም ብሎ ፊቱ ተለወጠ። መጽሐፉን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ወጣና ከአሸንዳው ሥር ካለው በርሜል እጁን ታጠበ። ተመልሶ መጥቶ ሁለቱን መዳፎቹን ዘረጋልኝ፤ ከዚያ ገልብጦ ጀርባቸውን አሳየኝ።

«አሁንስ ይቻላል?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ልክ ልወስድ ነበር። እንጨት ሠሪው ነኝ።»

አፈርኩ። እኔ ደግሞ ሳፍር እቆጣለሁ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። «ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«እርስዎ አልጠየቁኝም እኮ» አለ። ድምፁ ውስጥ ንዴት ፈለግሁ። አላገኘሁም። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ስሙ ሕዝቅያስ ነው። ግድግዳውን በሜትር ለካ፤ የለካውን ጆሮው ላይ በሰካት እርሳስ መዳፉ ላይ ጻፈ። ሊሄድ ሲል ሦስት መጻሕፍት አነሣ፤ አንድ ትንሽ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ወፍራም። «እነዚህን ልውሰድ? ለልክ ነው። የመደርደሪያው ክፍተት በእነሱ ነው የሚወጣው።»

«ሥራው መቼ ያልቃል?»

«በአሥራ አምስት ቀን።»

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጭቃውን ረግጬ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ከገበያው በታች፣ ከከድጁ ሻይ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ የጣውላ ቤት ነው። ሕዝቅያስ ውስጥ ቆሞ እንጨት ይልጋል። መደርደሪያ የሚመስል ነገር የለም።

«የታለ?»

«እንጨቱ አልደረቀም።»

«መቼ ይደርቃል?»

ወደ ሰማይ አየ። ይዘንባል። «ነገ ከነገ ወዲያ ይደርቃል። እርጥብ እንጨት ብሠራልዎት በሦስት ወር ይጣመማል።»

«እኔ ነገ ከነገ ወዲያ እየተባልኩ አልጠብቅም! መጻሕፍቱ ወለል ላይ እየሻገቱ ነው!»

ጓዳ ገብቶ ሦስቱን መጻሕፍት አመጣ። በሲሚንቶ ወረቀት በሥርዓት ሸፍኗቸዋል። «እነዚህን ለክቻቸዋለሁ። አሁን ሌላ ሦስት ብወስድ… ለልክ።»

ሰጠሁት። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። እንጨቱ አልደረቀም። መጻሕፍቱን መለሰ፤ ሌላ ሦስት ጠየቀ። ሚያዝያ እንዲህ አለቀ። ከድጁ ከሻይ ቤቷ በር ላይ ሆና ስታየኝ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች። «ዛሬም ልትቆጪ መጣሽ? ነይ መጀመሪያ ሻይ ጠጪ፤ በባዶ ሆድ ቁጣ አይሆንም።»

ግንቦት ሲገባ ራሱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። እጁን ታጥቦ ነበር። አንድ ልብ ወለድ መለሰልኝና ቆመ።

«ክፍል ሁለቱ አለ?» አለ።

«ለምን?»

«ለልክ።»

«ሕዝቅያስ፣ ክፍል ሁለቱ ቁመቱ ከክፍል አንዱ ጋር አንድ ነው።»

«ውፍረቱ ግን…»

«ውፍረቱም አንድ ነው!»

ጆሮው ቀላ። ጋሽ ዓባይነህ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጋዜጣው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም መጀመሪያ በንዴት፣ ቀጥሎ በሌላ ነገር ተሞላሁ። ሁለት ወር ሙሉ! እኔ በጭቃ ስመላለስ ይህ ሰው በልክ ስም ሃያ መጽሐፍ አንብቧል!

«ማንበብ ከፈለግህ ለምን መታወቂያ አታወጣም? ነፃ ነው። ይኸው ቅጹ።»

ቅጹን ተቀበለኝ። ስም የሚለውን አየ። አድራሻ የሚለውን አየ። የትምህርት ደረጃ የሚለው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ስምንተኛን ጨርሼ ነው ያቋረጥኩት» አለ ቀስ ብሎ። «አባቴ ሲታመም መጋዙን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እዚህ መጥቼ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር እንጨት ስልግ ውዬ ነበርና እጄ… ያኔ በር ላይ የነበረው ዘበኛ እጅህን ሳትታጠብ እዚህ አይገባም ብሎ በሰው ፊት መለሰኝ። ታጥቤ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም።»

እኔም በዚያው በር፣ በዚያው ቃል ተቀበልኩት። እሱ ግን በዚህኛው ጊዜ ታጥቦ ተመለሰ።

«ይቅርታ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ፤ ብዙ አልጠቀምበትም።

«ምንም አይደል። አንቺ የመጽሐፍ ነገር ስለሚያንገበግብሽ ነው።»

አንቺ አለኝ። እሱም ሰማው፤ ሊያርመው አፉን ከፈተ። «ተወው» አልኩት። «እንደዚያው ይሁን።» ሁለታችንም ወለሉን አየን። ዝናቡ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል። ክፍል ሁለቱን ከክምሩ ፈልጌ ሰጠሁት፤ በቅጽ ሳይሆን በእጅ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ስሄድ ሁሌም ለመቆጣት ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ሊነጋገርበት የሚፈልገው ነገር አያልቅም። የአንዱ ታሪክ ጀግና ለምን ለእናቱ እውነቱን አልነገራትም? ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ያነበበውን ሲናገር እጁ አይሠራም፤ እጁ ሲሠራ ደግሞ አይናገርም፤ ስለዚህ ሥራው አይገፋም። «እየሠራህ አውራ!» እለዋለሁ። «አልችልም» ይለኛል። እውነትም አይችልም።

በሰኔ መጀመሪያ አቶ ተረፈ ከስብሰባ ወጡ። ወጥተውም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጡ። አዳራሹን ዞረው አዩ፤ ወለል ላይ የተከመሩትን መጻሕፍት በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ወይዘሪት ሰርካዲስ፣ ይህ ቤት አገልግሎት እየሰጠ ነው ትያለሽ?»

«በቀን ስልሳ ሰው ይገባል።»

«የከተማው የስብሰባ አዳራሽ ጠቧል። እስከ ሰኔ ሃያ አምስት ድረስ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ካልወጡ በጆንያ ታስረው ዕቃ ቤት ይገባሉ። አዳራሹ ለስብሰባ ይውላል።»

እየሮጥኩ ወደ ሕዝቅያስ ሄድኩ። ሰማኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገ አላለም። «ለሃያ አምስት ያልቃል» አለ። አየሁት። በእርግጥም በየቀኑ አየሁት፤ መደርደሪያው ቆመ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት ሆነ። ሰኔ ሃያ ሦስት በእጄ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነበር። «ነገ ቫርኒሽ እቀባና ከነገ ወዲያ አመጣዋለሁ» አለኝ።

በሃያ አምስት ጠዋት ጠበቅሁ። እኩለ ቀን ሆነ። ስልኩ ዝግ ነው። ሄድኩ። የሥራ ቤቱ በር በቁልፍ ተዘግቷል። በጣውላው ክፍተት አጮልቄ አየሁ፤ ስድስቱ መደርደሪያ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«ትናንት አይሱዙ መጥቶ ተሳፍሮ ሄደ» አለች ከድጁ ዓይኔን ሳታይ። «ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም። ሰዎች ቴፒ ለሚከፈት ሆቴል ሸጣቸው ይላሉ… እኔ አላየሁም፣ እህቴ። ያላየሁትን አልናገርም።»

በማግሥቱ አራት ሰዎች ጆንያ ይዘው መጡ። የቡና ጆንያ ነው። ከጆንያ ጥግ የተነሡት መጻሕፍት ከአርባ ዓመት በኋላ ጆንያ ውስጥ ገቡ። ጋሽ ዓባይነህ ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ጋዜጣቸውን ረሱት። ይዤላቸው ስሮጥ «ይቅር፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ቀን ነው ሽማግሌ መሆናቸውን ያየሁት።

ቤት ስገባ እናቴ እማዋይሽ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። «ያ እንጨት ሠሪ ነው» አለች።

«መደርደሪያው ነው፣ እማ።»

«እኔን አታሞኚኝ። በመደርደሪያ እንዲህ የሚለቀስ የለም። ስምንተኛ ክፍል! አንቺ ዲግሪ ይዘሽ! ሚዛን ያለውን የቢሮ ሥራ ተቀበዪ ስልሽ እምቢ ያልሽው ለሻገተ ቤት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሌላም ነገር አለበት።»

«ሰውየው እኮ ምንም አልጠየቀኝም!»

«አለመጠየቁ ነው የሚያናድደኝ!»

ለሚዛኑ ሥራ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቂም የያዝኩባቸውን ስቆጥር አቶ ተረፈን ረሳሁ፤ ምስጡን ረሳሁ፤ ጣሪያውን ረሳሁ። አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም በስሙ አልጠራውም፤ «ያ» ነበር የምለው።

ሐምሌ አሥራ አራት፣ ቅዳሜ ቀን፣ በከባድ ዝናብ አንድ አይሱዙ ቤታችን ደጃፍ ቆመ። ከሸራው ሥር ሕዝቅያስ ወረደ። ከስቷል። ጢሙ አድጓል። ጭነቱ በፕላስቲክ ተሸፍኗል።

«አምጥቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መደርደሪያዎቹን።»

ሃያ ቀን ሙሉ ሌሊትና ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። «አዳራሹን ወሰዱት!» ብዬ ጮህኩ። «መጻሕፍቱን በጆንያ አሠሯቸው! የት ነበርክ? ለሆቴል ሸጥካቸው አይደል?»

«ለሆቴል?» ግራ ገባው። ከኪሱ አንድ የተሰበረ የጣውላ ቁራጭ አወጣና መዳፌ ላይ አራገፈው። ከትንንሽ ቀዳዳዎቹ ነጭ ዱቄት ወረደ። «ቫርኒሽ ልቀባ ጎንበስ ስል ይህን አየሁ። ነቀዝ ነው። ከውስጥ ነበር። ስድስቱንም ሻይ ቤቱ ሳይከፈት ሰባብሬ ወንዝ ዳር አቃጠልኳቸው። እነሱን አምጥቼ ቢሆን ኖሮ ነቀዙ መጻሕፍትሽን በዓመቱ ይበላቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደረቅ እንጨት ማሻ ከተማ አለ ሲሉኝ መኪና ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ አሮጌ ቤታቸውን ያፈርሱ ነበር፤ ሃያ ዓመት የደረቀ የቀረሮ ዛፍ ጣውላ። በርና መስኮት ሠርተህልኝ ጣውላውን ውሰድ አሉኝ። ሠራሁላቸው። መደርደሪያውንም እዚያው ሠራሁት።»

«ስልክ የለም? ማሻ ስልክ የለም?»

ዝናቡ ከጸጉሩ ይወርዳል። «ቁጥርሽን የጻፍኩት መደርደሪያው ጀርባ ላይ ነበር» አለ። «በእርሳስ። ከእሱ ጋር ተቃጠለ።»

«የከድጁ ቁጥርስ?»

የጣውላውን ቁራጭ ከመዳፌ አነሣ።

«የከድጁ አለኝ። ፈራሁ» አለ በመጨረሻ። «ለሃያ አምስት ብዬሽ ነበር። አልደረሰም ብዬ ልነግርሽ… ቁጣሽን አይደለም የፈራሁት። ቁጣሽን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ማሻ ሆኜ ናፍቆኛል። ዝም ብለሽ በር ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነው የፈራሁት።»

«አንተ… አንተ…» እጁን ያዝኩት። ሸካራ ነው፤ ቀዝቅዟል። ልገፋው ነበር የያዝኩት፤ ግን አልገፋሁትም። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «በዝናብ ላይ ቆመው ይታመሙ!» ብላ መጋረጃውን በኃይል ዘጋችው።

ከዚያ ነው ቁልፉ ትዝ ያለኝ። የአዳራሹና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አቶ ተረፈ ትርፍ ቁልፍ አስቀርጸው ነበርና ማንም አልጠየቀኝም። ርክክብም አልተደረገም፤ የርክክቡ ቅጽ ማኅተም ጎድሎት ተመልሶ ነበር። በወረቀት አዳራሹም፣ መጻሕፍቱም፣ የዕቃ ቤቱ ጆንያዎችም አሁንም በእኔ ስም ናቸው። በስድስት ደብዳቤ ያበሳጨኝን ማኅተም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቅሁት።

እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ሠራን። ጋሽ ዓባይነህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስበው መጡ፤ ከድጁ ሻይ ቤቷን ዘግታ መጣች። ሕዝቅያስ መደርደሪያዎቹን ዙሪያውን ግድግዳው ላይ ተከላቸው፤ መካከሉን ለስብሰባው አግዳሚ ወንበሮች ተወው። እኔ መጻሕፍቱን ከጆንያ እያወጣሁ የሻገቱትን በጨርቅ እጠርግ ነበር። ሦስቱ ሞተው ነበር፤ ገጻቸው አይላቀቅም። የቀሩት ልካቸውን አገኙ። አንድም መጽሐፍ አልጠበበውም፣ አልሰፋውም።

«አየሽ?» አለ ሕዝቅያስ። «ለልክ ነበር።»

«ዝም በል።»

ሰኞ ጠዋት አቶ ተረፈ ከየቀበሌው ሰማንያ ሰው ጠርተው ነበር። በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ይህ ምንድን ነው? ማን ፈቀደልሽ?»

«አዳራሹን ማን አስረከበዎት?» አልኳቸው። «ርክክብ አልተደረገም። እስኪደረግ ድረስ ንብረቱን በአግባቡ የመያዝ ግዴታ አለብኝ።»

ሰማንያ ሰው ከኋላቸው በዝናብ ቆሟል። ገቡ። ስብሰባው ተጀመረ። እኔና ሕዝቅያስ ከመጨረሻው መደርደሪያ አጠገብ ቆምን።

በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም አዳመጠ። በሁለተኛው ሰዓት ግድግዳው ዳር የተቀመጡ አንዲት ሴት እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩና ስለ ንብ ማነብ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። ከጎናቸው ያለው ሰው ስለ ቡና በሽታ የሚያወራ አወጣ። ቀጥሎ ሌላው። አቶ ተረፈ ስለ አፈጻጸም ሲናገሩ ፊት ለፊታቸው የሚታየው የጭንቅላት አናት ብቻ ሆነ።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ደክሞ።

ሴትየዋ ተነሡ። ወሰንየለሽ ይባላሉ፤ ወደ ሸዋ ቤንች በኩል ካለ ቀበሌ የመጡ ናቸው። አማርኛውን እየፈለጉ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ይህን መጽሐፍ ወደ ቀበሌ ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ? ልጄ ያነብልኛል። ሲያልቅ እመልሳለሁ።»

«ይህ አጀንዳ አይደለም።»

«እኔም እወስዳለሁ» አለ ሌላው። «እኔም» አለ ሦስተኛው። እጆች ተነሡ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አቶ ተረፈን አየች። «በቃለ ጉባኤው ልያዘው?»

አቶ ተረፈ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሰማንያውን ሰው አዩ። እኔን አዩ፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ስድስቱም ደብዳቤዎቼ ነበሩበት። «ያዢው» አሉ። «ስብሰባ ሰኞ ሰኞ ይሆናል። በሌላው ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ይሥራ። ጣሪያውን ግን እንዳትጠይቂኝ።»

የሚዛኑን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ሰረዝኩ።

በጥቅምት ጋሽ ዓባይነህና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ እናቴ ቤት መጡ። እናቴ እንደ ወጉ መለሰቻቸው። ሁለተኛም መጡ፤ መለሰቻቸው። በሦስተኛው ግን ከወጉ ወጣች።

«ሰውየውን ራሱን አምጡልኝ» አለች። «እናንተን ምን አደርጋለሁ? ከእናንተ ጋር አትኖር።»

ሕዝቅያስ በአዲስ ሸሚዝ መጣ። እኔ ከጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል መመዝገቡን ሊነግራት እንደተዘጋጀ አውቃለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተለማምዶታል። እናቴ ግን ስለ ትምህርት አልጠየቀችውም።

«ልጄን ታውቃታለህ?» አለች።

«አውቃታለሁ፣ እማማ።»

«ስትቆጣ ምን ታደርጋለህ?»

ትንሽ አሰበ። «ዝም እላለሁ።»

«እሱ ነው እኮ የሚያባብሳት! አባቷም እንደዚሁ ነበሩ፤ እኔ ስጮህ እሳቸው ዝም። ሠላሳ ዓመት! ግድግዳ ነበር የምቆጣው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መልስላት! አንድ ቃል መልስላት፤ ከዚያ ይወጣላታል።»

«አንዴ መልሼላት ነበር» አለ ሕዝቅያስ በቁም ነገር። «ክፍል ሁለቱ ውፍረቱ ይለያያል ብያት። ሊወጣላት ሦስት ሳምንት ፈጀ።»

ከዚያ እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ሳቋ ይሰነጣጠቃል፤ መሃል ላይ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይመጣል። ጋሽ ዓባይነህም ተከተሏት። ሕዝቅያስ ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው እሱም ጀመረ።

እኔ በዚያች ጨለማ ጓዳ ቆሜ በሦስቱም ተናደድኩ። ከዚያ ፊቴን በመዳፌ ጠርጌ ወጣሁና «ምን ያስቃችኋል?» አልኳቸው። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።